በስምንት ቁጥሮች የተጻፈ ውሻ

በኖቬምበር 2019 አዶቤ ኩባንያ «ፎቶሾፕ 2020» የሚባለውን እትም አወጣ። ፕሮግራሙን አዘምነው ወደ ሥራቸው የተመለሱ የግራፊክስ ባለሙያዎች የፓተርን ሳጥኑን ሲከፍቱ የሚያውቁትን አላገኙም። ለዓመታት የመጽሐፍ ሽፋን፣ የጥሪ ካርድና የማስታወቂያ ጀርባ ሲሞሉባቸው የኖሩት የሻካራ ወረቀት፣ የድንጋይና የሸራ ንድፎች ከቦታቸው የሉም። በምትካቸው ሦስት ፎልደሮች ተደርድረዋል፦ ዛፍ፣ ሣር፣ ውኃ። (እዚህም ሆነ ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ድንጋጤያቸው የሚገባ ነበር። ፓተርን ማለት ፕሮግራሙ ጎን ለጎንና ከላይ እስከ ታች እየደጋገመ ሰፊ ቦታ የሚሞላበት አንድ ትንሽ ሥዕል ነው። ይህ ትንሽ ሥዕል ከጠፋ ትናንት የተሠራውን ካርድ ዛሬ በሌላ መጠን ማስፋት፣ የቀረውን ገጽ በዚያው መልክ መቀጠል፣ ወይም «ያምናውን ዓይነት ሥሩልኝ» ላለ ደንበኛ እሺ ማለት ይቸግራል። ቀለም ሲጠፋ ቁጥሩን የመዘገበ ሰው ይመልሰዋል። ፊደልም ቢጠፋ ስሙ ይታወቃልና ተፈልጎ ይገኛል። ፓተርን ግን ብዙ ጊዜ ስም እንኳ አይሰጠውም፤ «ፓተርን 1» ተብሎ ይቀመጥና ኮምፒውተሩ ሲቀየር እዚያው ይቀራል።

የዚያን ጊዜው ችግር መፍትሔው ቅርብ ነበር። ንድፎቹ ከዓይን ተሰወሩ እንጂ አልተሰረዙም። «ዊንዶው» ከሚለው ሜኑ «ፓተርንስ» የሚለውን ከፍቶ፣ በፓኔሉ ቀኝ ጥግ ያለውን ትንሽ ሜኑ ተጭኖ «ሌጋሲ ፓተርንስ ኤንድ ሞር» የሚለውን የመረጠ ሰው ባለቀለም ወረቀቱን፣ ግራጫ ወረቀቱን፣ የድንጋዩን፣ የተፈጥሮውንና የሠዓሊ ሸራውን ባንድ ጊዜ ያገኛቸዋል። ይህን የማያውቅ ግን ንድፎቹ ለዘለዓለም የሄዱ መስሎት ከማያውቀው ድረ ገጽ ፋይል ሲያወርድ ይውላል። ሰዎች የዕለት እንጀራቸውን የሚጋግሩበትን መሣሪያ ከቦታው የሚያነሣ ኩባንያ የት እንዳስቀመጠው በግልጽ የመንገር ግዴታ አለበት።

ሁሉም የጠፋ ፓተርን ግን እንዲህ በአንድ ጠቅታ አይመለስም። አንዳንዱ የተሠራበት ፕሮግራም ራሱ ከገበያ ከወጣ ቆይቷል። አንዳንዱ ያለው በአንድ አሮጌ ፋይል ሆድ ውስጥ ብቻ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ከታተመ ወረቀት ወይም ከተነሣ ፎቶ በቀር ምንም ምልክት አልተወም። ደስ የሚለው ነገር በሦስቱም ሁኔታ ፓተርኑን መልሶ ማግኘት መቻሉ ነው። እንዴት እንደሚቻል ለመረዳት ነገሩ ወደተጀመረበት ዘመን ጥቂት መለስ ማለት ያስፈልጋል።

ጃንዋሪ 24 ቀን 1984 አፕል የመጀመሪያውን ማኪንቶሽ ለገበያ ሲያቀርብ «ማክፔይንት» የሚባል የሥዕል ፕሮግራም አብሮት ነበር። የጻፈው ቢል አትኪንሰን ነው። ማሽኑ የነበረው ሜሞሪ 128 ኪሎባይት ብቻ ሲሆን ስክሪኑ በወርድ 512፣ በቁመት 342 ነጥብ ይይዛል። እያንዳንዱ ነጥብ ወይ ጥቁር ነው ወይ ነጭ፤ በመካከል ግራጫ የሚባል ነገር የለም። ታዲያ ጥላ፣ ደመና፣ የጡብ ግድግዳ በምን ይሣላል?

የተገኘው መልስ በወርድ 8 ነጥብ፣ በቁመት 8 ነጥብ የሆነ ካሬ ነበር። በዚህ ካሬ ውስጥ ያሉት 64 ነጥቦች እንደ ዳማ ሰሌዳ አንዱ ጥቁር አንዱ ነጭ እየሆኑ ሲፈራረቁ ዓይን ከሩቅ ግራጫ ያያል። ጥቁሮቹ ሲበዙ ግራጫው ይጠቁራል፣ ሲያንሱ ይነጣል። መስመሮች በተራ ሲቆራረጡ ጡብ ይወጣል፤ ቅስቶች ሲደረደሩ የዓሣ ቅርፊት። አንዱ ነጥብ አንድ ቢት ስለሆነ አንዱ ረድፍ አንድ ባይት፣ ሙሉው ፓተርን ደግሞ 8 ባይት ብቻ ነው። ከማክፔይንት መስኮት ግርጌ ይታዩ የነበሩት 38 ፓተርኖች ሁሉ ተደምረው 304 ባይት ነበሩ። ዛሬ በስልክ የምንልከው አንድ መካከለኛ የአማርኛ መልእክት ከዚያ የበለጠ ቦታ ይይዛል።

በዚያው ቡድን ውስጥ የማኪንቶሹን አይከኖችና ፊደሎች የነደፈችው ሱዛን ኬር ናት። ሥራዋን የጀመረችው በባለካሬ ደብተር ላይ ነው፤ አንዱን ካሬ እንደ አንድ የስክሪን ነጥብ ቆጥራ አንድ በአንድ ታጠቁር ነበር። ይህ አሠራር ኋላ እንደምናየው የጠፋ ፓተርን መልሶ ለመሥራት ዛሬም ከሁሉ የሚታመነው ነው።

የማክፔይንት ተጠቃሚ በተሰጡት 38 ንድፎች ብቻ አይወሰንም ነበር። አንዱን ፓተርን ሁለቴ ጠቅ ቢያደርግ ትልቅ ሆኖ ይከፈትለታል፤ ነጥቦቹን እያበራና እያጠፋ የራሱን ይሠራል። አትኪንሰን ታዲያ አንድ አስተዋይ ነገር አደረገ። ፓተርኖቹ ከሥዕሉ ጋር አንድ ላይ እንዲቀመጡ ፋይሉን አዘጋጀው። የማክፔይንት ፋይል የሚጀምረው በ512 ባይት መግቢያ ነው፦ 4 ባይት ለእትም ቁጥር፣ 304 ባይት ለ38ቱ ፓተርኖች፣ የቀረው 204 ባይት ባዶ። 576 በ720 ነጥብ የሆነው ሥዕል የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህ ለፈላጊ ትልቅ ስጦታ ነው። በ1985 አንድ ሰው ቤቱ ተቀምጦ የፈጠረው ፓተርን፣ ሥዕሉ ላይ አንዴ እንኳ ባይጠቀምበት፣ በፋይሉ ራስ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ፋይሉን በሄክስ ኤዲተር የከፈተ ሰው የእትም ቁጥሩን አልፎ ስምንት ስምንት ባይት እየቆረጠ 38ቱንም መልሶ መሣል ይችላል። የእትም ቁጥሩ ዜሮ ከሆነ ሠሪው መደበኛዎቹን ፓተርኖች አልነካም ማለት ነው። እነሱም ቢሆኑ በማኪንቶሹ የሲስተም ፋይል ውስጥ በዝርዝር ተቀምጠዋል። በ2010 ደግሞ በካሊፎርኒያ ማውንቴን ቪው የሚገኘው የኮምፒውተር ታሪክ ሙዚየም በአፕል ፈቃድ የማክፔይንትን ምንጭ ኮድ ለሕዝብ ከፈተ። አትኪንሰን በጁን 2025 ቢያርፍም የሠራው ሥራ እስከ መጨረሻዋ ነጥብ ሊነበብ ይችላል።

ማይክሮሶፍትም በዚያው መንገድ ሄዷል። በ1992 የወጣው ዊንዶውስ 3.1 የዴስክቶፑን ጀርባ የሚሞላባቸው ትንንሽ ፓተርኖች ነበሩት። የተቀመጡት ማንም በኖትፓድ ሊከፍተው በሚችል «ኮንትሮል.አይኤንአይ» በሚባል ተራ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ሲሆን፣ እያንዳንዱ በአንድ መስመር፣ ስምና ስምንት ቁጥር ሆኖ ተጽፏል። ከመካከላቸው አንዱ እንዲህ ይላል፦

ስኮቲ=64 192 200 120 120 72 0 0

ቁጥሮቹን ብቻ ላየ ሰው ምንም አይናገሩም። እርሳስና ባለካሬ ወረቀት የያዘ ሰው ግን በጥቂት ደቂቃ ይፈታቸዋል። ስምንት ካሬ በስምንት ካሬ ያሰምራል፤ ከላይ በኩል ከግራ ወደ ቀኝ 128፣ 64፣ 32፣ 16፣ 8፣ 4፣ 2፣ 1 ብሎ ይጽፋል። ከዚያ እያንዳንዱ ቁጥር አንድ ረድፍ ይሆናል።

የመጀመሪያው ረድፍ 64 ነው። በ64 ሥር ያለው፣ ማለትም ከግራ ሁለተኛው ካሬ ብቻ ይጠቁራል። ሁለተኛው ረድፍ 192 ነው፤ 128ና 64 ስለሚደመሩበት ሁለቱ የግራ ካሬዎች ይጠቁራሉ። ሦስተኛው 200 ሲሆን እነዚያው ሁለቱ እንዳሉ ሆነው 8 ይታከልባቸዋል፤ ከግራ አምስተኛው ካሬ ብቻውን ብቅ ይላል። አራተኛውና አምስተኛው 120 ናቸው፦ 64፣ 32፣ 16ና 8። ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው ድረስ አራት ካሬ ተከታትሎ ይጠቁራል። ስድስተኛው 72 ነው፤ 64ና 8፣ ሁለት ካሬ ተራርቀው ይቆማሉ። የቀሩት ሁለት ረድፎች ባዶ ናቸው።

እርሳሱን አስቀምጦ ወረቀቱን ራቅ አድርጎ ያየ ሰው በፊቱ ወደ ግራ ዞሮ የቆመ አጭር ውሻ ያገኛል። የመጀመሪያው ነጥብ ጆሮው ነው። ሁለተኛው ረድፍ አፍንጫው ነው። በሦስተኛው ረድፍ ብቻውን የቆመው ነጥብ የተቀሰረ ጭራው ነው። ከዚያ አካሉ፣ ከዚያ ሁለት እግሮቹ። ስሙ እንደሚናገረው የስኮትላንድ ቴሪየር ነው። ይህ ፓተርን ዴስክቶፕ ላይ ሲሞላ በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ውሾች በሰልፍ ይቆማሉ። በስምንት ቁጥር ጆሮና ጭራ ያለው እንስሳ ማቆም የቻለ ንድፍ አውጪ ምስጋና ይገባዋል።

በዚያው ፋይል ውስጥ «50% ግሬይ» የሚባለው ፓተርን 170 85 170 85 እያለ ይሄዳል። የማኪንቶሹ ግራጫም በሁለትዮሽ ሲጻፍ ያው ነው፦ 10101010፣ ቀጥሎ 01010101። ሁለት ተፎካካሪ ኩባንያዎች ለግማሽ ግራጫ የተጠቀሙት አንድ ዓይነት ቁጥር ነው፤ በ64 ነጥብ ውስጥ ጥቁርና ነጭን ከዚህ በተሻለ እኩል የሚበትን አደራደር የለምና። ዊንዶውስ 95 ሲመጣ ቁጥሮቹ ወደ ሬጂስትሪ ተዛወሩ። በ2001 በወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ደግሞ ፓተርን መምረጫው ከዴስክቶፕ ማስተካከያው መስኮት ተነሣ። ስኮቲም ከብዙ ሰው ዓይን የጠፋው ያኔ ነው።

ፓተርን ሲጠፋ የሚጎዳው ናፍቆት ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። በማይክሮሶፍት ኦፊስ 2007 የሆነው ግን ሌላ ነው። በዚያ እትም ከኤክሴል ቻርት ላይ በሰያፍ መስመር፣ በነጠብጣብና በመረብ የመሙላት ምርጫ ከሜኑው ወጣ። ኩባንያው በምትኩ የሚያብረቀርቅ ቀለምና ጥላ አቀረበ። ችግሩ የተሰማው በጥቁርና ነጭ ፕሪንተር የሚያትመው ሁሉ ነው፦ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጀው ተማሪ፣ ለጥናት መጽሔት የሚልከው ተመራማሪ፣ የሩብ ዓመት ሪፖርት በፎቶኮፒ የሚያባዛው መሥሪያ ቤት። በስክሪን ላይ ቀይና አረንጓዴ የነበሩት ምሰሶዎች በወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ይወጣሉ። ቀለም መለየት የሚቸገር አንባቢ ደግሞ ስክሪን ላይም አይለያቸውም።

እዚህም ላይ አሮጌው ፋይል ነበር ያዳነው። በቀድሞው እትም የተሠራ ቻርት በ2007 ሲከፈት ፓተርኑን እንደያዘ ይታያል። ፕሮግራም መጻፍ የሚችሉት ደግሞ በቪቢኤ ኮድ ሊያዙት እንደሚችሉ ደረሱበት። የመሙያው ሞተር በውስጥ ነበር፤ የጎደለው ቁልፉ ብቻ ነው። በኦፊስ 2010 ምርጫው ወደ ሜኑው ተመለሰ።

ወደ ፎቶሾፕ እንመለስ፤ የዛሬ ባለሙያ አብዛኛውን ጊዜ ፓተርን የሚጠፋበት እዚያ ነውና። በፎቶሾፕ ፓተርን የሚሞላባቸው መንገዶች ብዙ ቢሆኑም በፍለጋ ጊዜ የሚለያዩት በአንድ ነገር ነው። አንደኛው መንገድ ንድፉን ሕያው አድርጎ ያቆያል። «ፓተርን ኦቨርሌይ» በሚባለው የሌየር ስታይል ወይም በ«ፓተርን ፊል» ሌየር የተሞላ ሥራ ሲቀመጥ ትንሹ ሥዕል ራሱ በፒኤስዲ ፋይሉ ውስጥ ተቀብሮ አብሮ ይሄዳል። ኮምፒውተሩ ቢሰረቅ፣ ፕሮግራሙ እንደ አዲስ ቢጫን፣ ፋይሉ ወደ ሌላ አገር ቢላክ ፓተርኑ እዚያው ነው። ሌየሩን ሁለቴ ጠቅ አድርጎ የፓተርኑን ሳጥን ከፍቶ ከአጠገቡ ያለችውን «አዲስ ፕሪሴት» የምትለውን ትንሽ ምልክት መጫን ይበቃል፤ ንድፉ ወደ ዝርዝሩ ይመለሳል። ብዙ ሰው ለዓመታት «ጠፋብኝ» ያለው ፓተርን በገዛ ፋይሉ ውስጥ ተኝቶ ይገኛል።

ሁለተኛው መንገድ በቀለም ባልዲው ወይም በ«ኤዲት» ሜኑ «ፊል» ብሎ በቀጥታ መሙላት ነው። ያን ጊዜ ፕሮግራሙ የሚያስቀምጠው ፒክሰሎቹን እንጂ ንድፉን አይደለም። ከዚያ ወዲያ ፋይሉ የትኛው ፓተርን እንደነበር አያውቅም። ሌላም አደጋ አለ፦ ፎቶሾፕ አዳዲስ ፓተርኖችን ወደ መዝገቡ የሚጽፈው በደንብ ሲዘጋ ነው። መብራት ድንገት በሄደበት ቀን የተሠራ ፓተርን፣ ለብቻው በፋይል ካልተቀመጠ፣ በማግስቱ ላይገኝ ይችላል። መብራት በሚመላለስበት ከተማ ለሚሠራ ሰው ይህ በየሳምንቱ ሊደርስ የሚችል ነገር ነው።

ለብቻው የተቀመጠ ፋይል የተገኘ ጊዜም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የፎቶሾፕ ፓተርን ፋይል ስም መጨረሻው «ፒኤቲ» ነው። የጊምፕም ያው ነው። ኢንጂነሮችና አርክቴክቶች በአውቶካድ የሚጠቀሙበት የሀች ፋይልም እንዲሁ። ሦስቱ በስም አንድ ቢሆኑም በውስጥ አይተዋወቁም። የአውቶካዱ በኖትፓድ የሚነበብ ጽሑፍ ነው፤ መስመሩ በስንት ዲግሪ እንደሚያጋድል፣ ከየት እንደሚነሣና በምን ያህል ርቀት እንደሚደገም በቁጥር ይናገራል። የፎቶሾፑና የጊምፑ የፒክሰል ሥዕል ይይዛሉ፣ ግን በየራሳቸው አጻጻፍ። አንድ ፋይል አልከፈት ሲል ተበላሸ ብሎ ከመጣሉ በፊት የመጀመሪያ ፊደሎቹን ማየት ይጠቅማል። በመጀመሪያው መስመር «8ቢፒቲ» የሚል የላቲን ምልክት ካለበት የፎቶሾፕ ነው። በመግቢያው ውስጥ «ጂፓት» የሚል ከተገኘ የጊምፕ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የቀረው ጠፍጣፋ ምስል ብቻ ሲሆን ነው፦ አንድ ጄፔግ፣ ወይም በስካነር የተነሣ አሮጌ ካርድ። እዚህ ሥራው እንደ መርማሪ ሥራ ይሆናል። መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ንድፉ በስንት ፒክሰል እንደሚደገም ነው።

በዓይን መገመት ያሳስታል። ባለሙያዎች የሚያደርጉት ምስሉን በሌላ ሌየር አባዝቶ የላይኛውን ወደ «ዲፈረንስ» ብሌንድ ሞድ መቀየር ነው። ይህ ሞድ የሁለቱን ሌየሮች ልዩነት ብቻ ስለሚያሳይ ሁለቱ ፍጹም ሲገጥሙ ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል። ከዚያ የላይኛውን ሌየር በኪቦርዱ ቀስት በአንድ አንድ ፒክሰል ወደ ጎን መግፋት ነው። ወዲያው የተመሰቃቀለ ብርሃን ይወጣል። እየተገፋ ሲሄድ ብርሃኑ ይቀንሳል፣ ይደምቃል፣ እንደገና ይቀንሳል፤ በአንዲት ፒክሰል ላይ ግን ምስሉ ሁሉ ድንገት ወደ ጥቁር ይመለሳል። እስከዚያ የተገፋው ርቀት የንድፉ ወርድ ነው። ወደ ታች በመግፋት ደግሞ ቁመቱ ይገኛል።

ምስሉ በመካከል ተቀንሶ ወይም ሰፍቶ ከሆነ ፍጹም ጥቁር የሚባል ነገር አይመጣም። ለምሳሌ 64 ፒክሰል የነበረ ፓተርን ወደ 70 በመቶ ከተቀነሰ የሚደገመው በየ44.8 ፒክሰል ይሆናል። 45 ብሎ የቆረጠ ሰው በአንዱ ድግግሞሽ የሚስተው 0.2 ፒክሰል ብቻ ቢሆንም ከአሥር ድግግሞሽ በኋላ ሁለት ፒክሰል ይስታል፤ ያን ጊዜ መስመሩ መጣመሙ ለዓይን ይታወቃል። ስለዚህ አሥሩን ድግግሞሽ ባንድ ላይ ለክቶ ለአሥር ማካፈል ይሻላል። 448 ፒክሰል ለ10 ሲካፈል 44.8 ይሰጣል። ከዚያ ምስሉ ተመልሶ ወደ 64 እስኪመጣ ይሰፋል።

ቀጥሎ የሚመጣው ቆሻሻው ነው። ጄፔግ ምስልን የሚያምቀው 8 በ8 ፒክሰል ወደሆኑ ብሎኮች ከፋፍሎ ስለሆነ በንድፉ ጠርዝ ሁሉ ትንንሽ ጭጋግ ይተዋል። ስካነርም የወረቀቱን እድፍና የማተሚያውን ነጠብጣብ ያመጣል። የሚያድነው ፓተርን ተደጋጋሚ መሆኑ ነው። በገጹ ላይ 16 ጊዜ ከተደገመ ያው ሥዕል 16 ቅጂ አለው ማለት ነው። ቅጂዎቹን አንዱን ባንዱ ላይ ደርድሮ አማካዩን መውሰድ እድፉን ወደ ሩብ ያወርደዋል፤ እድፉ በየቅጂው የተለየ ቦታ ስለሚያርፍ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፣ ንድፉ ግን በሁሉም ላይ አንድ ስለሆነ ይቀራል። ፎቶሾፕ ሌየሮቹን ወደ ስማርት ኦብጀክት ቀይሮ በ«ስታክ ሞድ» «ሚን» ሲባል ይህንኑ ያደርጋል። ከአንድ ቅጂ ላይ በእጅ ከማጽዳት ይህ እጅግ የተሻለ ነው፤ እጅ የሚጨምረው ነገር የለበትምና።

የመጨረሻው ፈተና ስፌቱ ነው። የተቆረጠው ካሬ ግራው ከቀኙ፣ ላዩ ከታቹ ካልገጠመ ሲደገም መስመር ይታይበታል። «ኦፍሴት» የሚባለው ፊልተር ምስሉን በግማሽ ገፍቶ የወጣውን በሌላው ጫፍ ያስገባል፤ 200 በ200 የሆነ ካሬ በ100 በ100 ሲገፋ ጠርዞቹ መሃል ላይ መጥተው ይገናኛሉ። ስፌቱ በመስቀል ቅርጽ ፊት ለፊት ይታያል፤ በክሎን ስታምፕ ጠርዙ ሳይነካ ይጸዳል። ከኦክቶበር 2020 ወዲህ ፎቶሾፕ «ፓተርን ፕሪቪው» የሚል ገጽታ ስላለው ድግግሞሹን እየሠሩ ማየት ይቻላል። ከዚያ «ዲፋይን ፓተርን»። በጊምፕ የሚሠራ ደግሞ ካሬውን ኮፒ አድርጎ «ፔስት አዝ» ከሚለው ሥር «ኒው ፓተርን» ብሎ ያስቀምጠዋል።

ለእኛ አገር ባለሙያ ይህ ጥበብ ከሁሉ ይበልጥ የሚያገለግለው በጥለት ላይ ነው። የሠርግ ጥሪ ካርድ፣ የቤተ ክርስቲያን ካላንደር፣ የምግብ ቤት ሜኑ፣ በአዲስ አበባም ይሁን በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ሲሠራ ዳር ዳሩን የነጠላ ጥለት ማስያዝ የተለመደ ነው። ታዲያ ብዙዎቹ ካርዶች ላይ የሚታየው ከእጅ ወደ እጅ የዞረ፣ በየጊዜው እየተቀነሰና እየሰፋ ደብዝዞ የቀረ ያው አንድ ምስል ነው። በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ግን የእናትና የአያት ቀሚስ ላይ ያለ፣ በየትኛውም ኮምፒውተር ውስጥ ያልገባ ጥለት ሞልቷል።

ጥለትን ከፎቶ በመቁረጥ ብቻ ጥሩ ፓተርን ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ጨርቅ ይጨማደዳል፣ ይሳባል፤ ካሜራውም ያጋድላል። ጥለቱ ራሱ ግን የተሠራው በቁጥር ነው። ከጋሞ ደጋ የመጡት የዶርዜ ሸማኔዎች፣ በሽሮ ሜዳም ሆነ በአገራቸው፣ ባለቀለሙን ማግ የሚያስገቡት ድሩን ቆጥረው እያነሡ ነው። ስለዚህ እንደ ስኮቲ በባለካሬ ወረቀት ሊጻፍ ይችላል፦ ድርና ማግ የሚገናኙበት እያንዳንዱ ቦታ አንድ ካሬ። ጥርት ያለ ፎቶ በአጉሊ ተይዞ አንዱ ድግግሞሽ ክር በክር ይቆጠራል፤ በስክሪን ላይ አንድ ፒክሰል ለአንድ ክር ይሣላል። ሲያልቅ ብዙውን ጊዜ ከጨርቁ የረዘመ ወይም ያጠረ ይመስላል፤ ድሩና ማጉ እኩል ስለማይጠብቁ ነው። አንዱን ወገን በልኩ ማስፋት ያስተካክለዋል። ሲሰፋ «ኒረስት ኔበር» የሚለው ስልት መመረጥ አለበት፤ ሌሎቹ የክሩን ጠርዝ ያደበዝዙታል። እንዲህ የተሠራ ጥለት ከፖስታ ካርድ እስከ ግድግዳ ሙሉ ባነር ቢሰፋ ጥራቱን አያጣም።

እዚህ ላይ ከሶፍትዌር ፓተርን የሚለየው አንድ ነገር አለ። ጥለት ሠሪ አለው። በፋብሪካ ታትሞ የሚገባው ርካሽ «የሐበሻ» ጨርቅ የሸማኔውን ገበያ ሲሻማ ማየት ለለመደ ሰው፣ ጥለቱን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ ዲዛይነር ሸማኔው በሕይወት ካለ ማስፈቀድና በሥራው ላይ ስሙን ማስፈር እንዳለበት ግልጽ ነው። የአካባቢው ስም ቢጻፍ ደግሞ ለኋላ ሰው መረጃ ይሆናል።

ይህን የሚያነብ የግራፊክስ ባለሙያ ዛሬ ማታ ኮምፒውተሩን ከመዝጋቱ በፊት ቢያደርገው የሚጠቅመው ነገር አለ። የተጠቀመባቸውን ፓተርኖች መርጦ በ«ኤክስፖርት» ወደ አንድ ፋይል ያውጣቸው። የእያንዳንዱንም አንድ ካሬ በፒኤንጂ ያስቀምጥ፤ ፒኤንጂን የማይከፍት የሥዕል ፕሮግራም እምብዛም የለም፣ ፎቶሾፕ ነገ ቢቀየርም እርሱ ይነበባልና። በፋይሉ ስም ላይ ወርዱንና ቁመቱን፣ ከየት እንደመጣና ማን እንደሠራው ይጻፍ። ከዚያ ሁሉንም ከሥራው ፋይል ጋር በአንድ ፎልደር ያኑር። አሮጌ ፒኤስዲ ያለውም አይጣለው፤ ፓተርኑ እዚያ ውስጥ ነው።